የዕድሩ መዝገብ በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ?

እዚህ ኮልፌ አጠና ተራ እንጨት ሊገዛ የመጣን ሰው ነጋዴው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን ሥራ ነው?» ብሎ ነው። ለአጥር ከሆነ አንድ ዓይነት፣ ለግድግዳ ሌላ፣ ለማገር ቀጠን ያለ፣ ለፎቅ መወጣጫ ደግሞ ረዘም ያለና ቀጥ ያለ ያሳየዋል። «ከሁሉም የሚበልጠው አጠና የቱ ነው?» የሚል ገዢ ቢመጣ ነጋዴው መልስ የለውም፤ ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነውና። በሶፍትዌር ሥራ ግን ይህ ጎደሎ ጥያቄ በየዕለቱ ይጠየቃል። ዳታቤዝ ያለው ድረ ገጽ ለማሠራት ያሰበ ሁሉ፣ የትምህርት ቤት ባለቤትም ይሁን የቁጠባና ብድር ማኅበር ሰብሳቢ፣ አፉ ላይ የሚመጣለት «በየትኛው ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይሠራ?» የሚለው ነው። ፕሮግራመሮቹም ተቀብለው ይሟገቱበታል፤ አንዱ ፒኤችፒ ጊዜው አልፎበታል ይላል፣ ሌላው ከጃቫ ወዲያ የሚታመን የለም ይላል፣ ሦስተኛው ሁሉም ነገር በጃቫስክሪፕት ይሁን ባይ ነው። እኔ ዛሬ ይዤው የመጣሁት ሐሳብ ይህ ነው፦ ቋንቋ የሚመረጠው መዝገቡ ከተዋቀረና ሠሪው ሲሄድ ማን እንደሚጠግነው ከታወቀ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ምርጥ የተባለውን ቋንቋ ቢይዝ እንኳ ገንዘቡን አያድነውም።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ይዤ ልሂድ። ባንክ ወይም አየር መንገድ አልወስድም፤ እነሱ የራሳቸው ባለሙያዎች አሏቸው። ዕድር ልውሰድ፤ 300 አባላት ያሉት፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ በየወሩ መዋጮ የሚሰበስብ የሰፈር ዕድር። መዝገቡን ላይ ላዩን ላየው ስም፣ የቤት ቁጥርና የተከፈለ ወር ብቻ ይመስላል። ገባ ብሎ ላየው ግን የኑሯችን ሥርዓት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አባሉ ራሱ ሲያርፍ የሚከፈለው አንድ መጠን ነው፤ እናት ወይም አባት ሲሆን ሌላ፣ የሚስት ወይም የባል ወላጅ ሲሆን ሌላ፣ ወንድምና እህት ሲሆን ሌላ። ሁለት ወንድማማቾች የአንድ ዕድር አባል ሆነው እናታቸው ቢያርፉ ለሁለቱም ይከፈላል ወይስ ለአንዱ? መተዳደሪያ ደንቡ ነው የሚወስነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩና ብርጭቆው ሲወጣም ሲመለስም ይቆጠራል፤ የጎደለው ይተካል። አባል ሲሞት አባልነቱ ለባለቤቱ ወይም ለልጁ ይተላለፋል፣ የከፈለው ዘመንም አብሮ ይተላለፋል።

እንግዲህ ይህን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚፈተነው በቋንቋ ችሎታው እንዳይመስላችሁ። የወረቀቱን መዝገብ አስቡት፦ በግራ በኩል የአባላት ስም ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል፣ ከላይ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ እስከ ነሐሴ ይሄዳል፣ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ገንዘብ ያዡ ምልክት ያደርጋል። ለወረቀት ይህ ጥሩ አሠራር ነው። ብዙ ሰው ግን ይህንኑ ቅርጽ እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ዓምድ ይሰጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ዓምዶቹ ይሞላሉ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰንጠረዥ ይከፈታል፤ በሦስተኛው ዓመት ሰብሳቢው «ከስድስት ወር በላይ ያልከፈሉትን አውጣልኝ» ሲሉ ጥያቄው ሦስት ሰንጠረዦችን እያገናኘ ይንከራተታል። ግማሽ ክፍያ የከፈለ፣ የሁለት ወር አንድ ላይ የከፈለ፣ ከነቅጣቱ የከፈለ ሰው ደግሞ በዚያች ሳጥን ውስጥ አይገባም። ትክክለኛው አወቃቀር እያንዳንዱን ክፍያ ራሱን የቻለ አንድ መስመር ያደርገዋል፦ ማን ከፈለ፣ ለየትኛው ወር፣ ስንት፣ መቼ ገቢ ሆነ፣ ማን ተቀበለ። እንዲህ ከተቀመጠ የሰብሳቢው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። የተሳሳተው አወቃቀር በጃቫ ቢጻፍም በፓይተን ቢጻፍም ያው የተሳሳተ ነው፤ ትክክለኛው ደግሞ በየትኛውም ቋንቋ ይሠራል። ለቋንቋ ምርጫ ከሚባክነው ክርክር ግማሹ እዚህ ላይ ቢውል ምንኛ መልካም ነበር።

ሌላው ማስረጃዬ ዕድሜ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የሶፍትዌር ዓለም የሚቆጥረው በዚያ ነውና። የእኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ። ዕድር በአንድ ትውልድ አያልቅም፤ ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። መዝገባቸው ረዥም ዘመን መቆየት ያለበት ሌሎችም አሉ፦ በዚሁ በክፍለ ከተማችን ዘነበወርቅ ያለው፣ በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው አለርት የተቋቋመው በ1965 ነው፤ እዚያው ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970። የሥጋ ደዌ ሕክምና አንድን ሰው ለብዙ ዓመታት መከታተልን የሚጠይቅ ነው፤ ካርዱ ከጠፋ ታሪኩ ጠፋ ማለት ነው። በዚያው በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለ የአይቢኤም ተመራማሪ መረጃ በሰንጠረዥና በዝምድና እንዴት እንደሚደራጅ የሚያሳይ ጽሑፍ አሳተመ። ከአራት ዓመት በኋላ ባልደረቦቹ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በዚያ ሐሳብ ላይ ቆመው ዛሬ ኤስኪውኤል የምንለውን የመጠየቂያ ቋንቋ አቀረቡ። ይህ ቋንቋ ከሃምሳ ዓመት በኋላም በፖስትግሬስም በማይኤስኪውኤልም በኦራክልም ዳታቤዞች ውስጥ ይሠራል። በአንጻሩ በዙሪያው የነበሩትን ተመልከቱ። በ1998 የወጣውና የቢሮ ሥራ ሁሉ ይሠራበት የነበረው ቪዥዋል ቤዚክ 6 የማይክሮሶፍት ድጋፍ የተቋረጠበት በ2008 ነው። ፓይተን 2 በጥር 2020 ተዘጋ። በ2014 የወጣው ፒኤችፒ 5.6 ከ2018 መጨረሻ በኋላ የጸጥታ ጥገና አላገኘም። ብዙ ወጣት የተማረበት አንጉላር ጄኤስ በ2021 መጨረሻ ድጋፉ አበቃ። ሃምሳ ዓመት የሚኖር ዕድር፣ አራት ወይም አሥር ዓመት በሚኖር የቋንቋ እትም ላይ ሕይወቱን መመሥረት የለበትም። በመዝገቡ ላይ ይመሥርት፤ ሽፋኑ ይቀያየር።

ይህ ማለት ግን ቋንቋዎች ሁሉ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ልዩነታቸው በደንብ የሚታየው የእኛ ፊደል፣ የእኛ ስምና የእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲነካቸው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝም ሆነ ቪዥዋል ግዕዝ እያንዳንዱ የፊደል አዘጋጅ ሆሄያቱን በራሱ ቦታ ያስቀምጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም ነበር። ዩኒኮድ ይህን ፈታ። የቀረው ችግር መንገዱ ላይ ያለው ነው፤ ፊደሉ ከቅጹ ተነሥቶ ዳታቤዙ እስኪገባ ድረስ የሚያልፍባቸው በሮች ሁሉ ዩኒኮድ መሆን አለባቸው። ማይኤስኪውኤል በ2018 ከወጣው 8.0 እትም በፊት ካልተነገረው በስተቀር ላቲን በሚባለው የምዕራባውያን ፊደል ሰንጠረዥ ነበር የሚያስቀምጠው። ጸሐፊው ስም በአማርኛ ይጽፋል፣ አስቀምጥ የሚለውን ይጫናል፣ መልሶ ሲከፍተው በስሙ ምትክ አራት የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ያገኛል። የጥያቄ ምልክቱ የማሳያ ጉድለት ቢሆን ደግ ነበር፤ ዳታቤዙ ውስጥ የገባው ራሱ የጥያቄ ምልክት ስለሆነ ስሙ ተመልሶ አይገኝም። ይህን የሚከላከለው በመጀመሪያው ቀን የተሰጠ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ የፕሮግራሙ ቋንቋ ምንም አያደርግለትም።

ቋንቋው የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። «ፀሐይ» ሦስት ሆሄ ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ስለሚይዝ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ዘጠኝ ባይት ነው። ፓይተን 3 ርዝመቱን ሲጠየቅ ሦስት ይላል፤ ጃቫና ጃቫስክሪፕትም ሦስት ይላሉ። ፒኤችፒ የተለመደውን መቁጠሪያ ከተጠቀማችሁ ዘጠኝ ይላችኋል፤ ትክክለኛውን ለማግኘት ለብዙ ባይት የተሠራውን ሌላ መቁጠሪያ መጥራት ያስፈልጋል። ረዥም ስም ቆርጦ ለማሳየት የሚሞክር ግዴለሽ ኮድ ሆሄውን መሀል ላይ ይሰብረዋል፣ ጫፉ ላይም የማይነበብ ምልክት ይተዋል። የፒኤችፒ ሰዎች ይህን ከሥሩ ሊያስተካክሉ ፒኤችፒ 6 ብለው ጀምረው ነበር፤ ሥራው ከብዷቸው በ2010 ተዉት፣ ቀጥሎም ስድስትን ዘለው በ2015 ሰባትን አወጡ። ስለዚህ ፒኤችፒ የመረጠ ሰው ይህን ዕዳ አውቆ ይምረጥ፤ ዕዳው የሚከፈል ነው፣ ግን አለ።

ከርዝመቱ ይልቅ የሚከብደው ግን ፍለጋው ነው። «ፀሐይ» በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ መካከለኛው ደግሞ በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ» ወይም በ«ኃ» ሊጻፍ ይችላል፤ ሲባዛ 12 መንገድ ነው። ለእኛ ሁሉም አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒዩተር 12 የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ለቅሶ በደረሰ ሰዓት ጸሐፊው ስሙን ፈልጎ «አልተመዘገበም» የሚል መልስ ቢያገኝ ሐዘንተኛው ላይ ምን ዓይነት በደል እንደሆነ አስቡት። «ገብረ ማርያም» ደግሞ አንዴ ሙሉ፣ አንዴ «ገ/ማርያም» ተብሎ ይጻፋል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ መያዝ ነው፦ በአንዱ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ሳይነካ ይቀመጣል፣ በሌላው ሞክሼ ሆሄያት ወደ አንድ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ፤ ፍለጋው በሁለተኛው ይሄዳል፣ ማያው ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ነው። ይህን የምትሠራው ትንሽ ኮድ በየትኛውም ቋንቋ ከሃያና ከሠላሳ መስመር አትበልጥም። ነገር ግን ከየትኛውም ማዕቀፍ (ፍሬምወርክ) ጋር ተዘጋጅታ አትመጣም፤ የሚጽፋት ሞክሼ ሆሄ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው።

ዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ አስራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ቅጽ ውስጥ አስገቡት ቢባል የት ይገባል? ዳታቤዝ የሚያውቀው የአውሮፓን ቀን ነው፤ ስለዚህ የሚቀመጠው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ሆኖ፣ ሲታይ ግን ወደ ጳጉሜን መመለስ አለበት። ቀኑን እንደ ጽሑፍ አድርጎ በእኛው አቆጣጠር ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል፣ ግን ዕድሜ ማስላትም በቀን ቅደም ተከተል መደርደርም ያዳግታል። በዚህ ረገድ ቋንቋዎቹ የተለያየ ስንቅ አላቸው። በብራውዘር ውስጥ ያለው ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል፤ ቀን ሰጥታችሁ በአማርኛ፣ በእኛ አቆጣጠር አሳየኝ ብትሉት ያሳያችኋል። ጃቫ በ2014 ባወጣው አዲስ የቀን ክፍል ውስጥ የሂጅራን፣ የጃፓንን፣ የታይላንድንና የታይዋንን አቆጣጠር ሲያካትት የእኛን አላካተተም፤ በተጨማሪ ላይብረሪ ይገኛል። ለፒኤችፒ አይሲዩ በሚባለው ዓለም አቀፍ ላይብረሪ በኩል ይመጣል፤ ለፓይተንም መለወጫዎች አሉ። እንግዲህ የቋንቋ ጥያቄ በቁም ነገር የሚነሣው እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ በፍጥነት ውድድር ላይ አይደለም።

ስለ ስምና ስልክ አጠር አድርጌ ልለፍ። የውጭ አገር ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን፤ ሦስት ዓምድ ስጡት፣ አለቀ። ስልክን በተመለከተ «በ09 ይጀምር» የሚል ደንብ ኮዱ ውስጥ የቀበረ ሰው፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በጥቅምት 2022 በ07 የሚጀምር ቁጥር ይዞ ሲመጣ ደንቡን ከየገጹ እየለቀመ ማረም ግድ ይሆንበታል። የሚለወጥ ደንብ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። ይህም የቋንቋ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ጠጋኙ ልምጣ። ሁላችንም በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል እንሰማለን። ያ ቃል አንዳንድ ጊዜ መብራት ጠፋ ማለት ነው፣ አንዳንዴ ኔትወርክ። በአነስተኛ ድርጅት ግን ብዙ ጊዜ ትርጉሙ «የሠራው ልጅ ስልክ አያነሣም» ነው። ልጁ አልበደለም፤ የተሻለ ሥራ አግኝቷል ወይም ወደ ውጭ ሄዷል። በደሉ ከእርሱ በቀር ማንም የማያነበውን ነገር ትቶ መሄዱ ላይ ነው። ስለዚህ ዕድሩ ቋንቋ ከመምረጡ በፊት ይህን ይጠይቅ፦ በሰፈሩ፣ በአባላቱ ልጆች መካከል፣ በእግር ተሂዶ የሚደረስበት ቦታ ይህን ቋንቋ የሚያነቡ ስንት ሰዎች አሉ? አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ድንቅ ቋንቋ፣ አምስት ሰው ከሚያውቀው ተራ ቋንቋ ያንሳል። በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ወጣቶችን ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና ሰው ሠራሽ አስተውሎት እያስተማረ ነው። ስለዚህ የአንባቢው ቁጥር ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ከፍ የሚለው ግን ሰው በሚማራቸው በጥቂት የታወቁ ቋንቋዎች ነው።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን ለዕድራችን የሚቀሩት ሁለት ናቸው፤ ፒኤችፒ ከላራቬል ማዕቀፍ ጋር ወይም ፓይተን ከጃንጎ ማዕቀፍ ጋር። ፒኤችፒ በ1995 ለድረ ገጽ ተብሎ የተወለደ ነው፤ የአማርኛው ዊኪፔዲያ የሚሠራበት ሶፍትዌርም በእርሱ የተጻፈ ነው። በየትኛውም ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ይሠራል፣ ይህም የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግረው ድርጅት ትልቅ ነገር ነው። ፓይተን አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ሰርቨርና ሰርቨሩን የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። በሌላ በኩል ጃንጎ ሰንጠረዦቹን ብቻ ነግራችሁት የመመዝገቢያና የማረሚያ ገጾችን ከነመግቢያ ቁልፋቸው ራሱ ያዘጋጃል፤ ለጸሐፊና ለገንዘብ ያዥ የሚያስፈልገው ግማሹ ሥራ በመጀመሪያው ሳምንት አለቀ ማለት ነው። በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀው ይህ ማዕቀፍ የተወለደው በካንሳስ በአንድ የከተማ ጋዜጣ ውስጥ ነው፤ ትንሽ ቡድን በቀነ ገደብ እየተጣደፈ መዝገብ የበዛበት ገጽ ይሠራ ነበር፤ የእኛም ችግር ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፊደላችንንም ያለ ትግል ይቀበላል። ሁለቱንም እኩል የሚያነቡ ሰዎች ካሉ የእኔ ፍርድ ወደ ፓይተን ያጋድላል፤ ፒኤችፒ የሚያነቡት ከበዙ ግን ያለ ማመንታት ፒኤችፒ ይሁን።

ይህ የአነስተኞች ብልሃት ብቻ ነው የሚል ካለ የአገሪቱን ትልልቅ ሥራዎች ይመልከት። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ሥራው በ2018 በህንድ ባንጋሎር የተጀመረ፣ በጃቫ የተጻፈ፣ መረጃውን በፖስትግሬስ የሚያስቀምጥ። የጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተገነባ ነው፤ እርሱም ጃቫና ፖስትግሬስ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በስልካቸው የሚሠሩበት ሥርዓት የተመሠረተበት ኮምኬር ደግሞ በሰርቨሩ በኩል በፓይተንና በጃንጎ የተጻፈ ነው። በሦስቱም ውስጥ ቋንቋው ብቻውን አልመጣም፤ ከኋላው በብዙ አገር ያሉ ጠጋኞች፣ የተጻፈ መመሪያና ዓመታት የፈጀ ልምድ ይዞ ነው የመጣው። አገር የጠጋኝ ማኅበረሰብን ትመርጣለች፤ ዕድርም በአቅሙ ይህንኑ ያደርጋል። ሆኖም ትልልቆቹ ጃቫ ስለመረጡ ዕድሩም ጃቫ ይምረጥ ማለት ለአጥር የፎቅ መወጣጫ እንደ መግዛት ነው።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልሂድ። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው፦ ፓይተንና ፒኤችፒ ከጃቫና ጎ ከሚባለው ቋንቋ ይዘገያሉ ይባላል። በስሌት ውድድር እውነት ነው። ግን እንቁጠር። 300 አባላት በየወሩ ቢከፍሉ በዓመት 3,600 መስመር ነው፤ በሃምሳ ዓመት 180,000። ይህ ለፖስትግሬስ ኢምንት ነው። ገጽ የሚያዘገየው ሌላ ነገር ነው። የአባላቱን ዝርዝር ከነዕዳቸው የሚያሳይ ገጽ አስቡ። ግዴለሽ ኮድ መጀመሪያ ዝርዝሩን ይጠይቃል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ አባል ዕዳውን ለመጠየቅ እንደገና ወደ ዳታቤዙ ይመላለሳል፤ 300 ጊዜ። ዳታቤዙ ሩቅ ሰርቨር ላይ ሆኖ አንዱ ምልልስ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ቢወስድ ገጹ ሠላሳ ሰከንድ ያስጠብቃል። ሁሉንም በአንድ ጥያቄ የሚያመጣ ኮድ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ይጨርሳል። ቋንቋ ብትቀይሩ ሠላሳው ሰከንድ እንዳለ ይቀራል፤ ጥያቄውን ብታርሙ በማንኛውም ቋንቋ ይጠፋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጸጥታ ነው፤ ፒኤችፒ ይደፈራል ይባላል። ስሙ የጎደፈው በከንቱ አይደለም፤ የቆየው የማይኤስኪውኤል መጥሪያው የተጠቃሚውን ጽሑፍ ከትእዛዙ ጋር አጣብቆ ለመላክ በር ይከፍት ነበር፤ በ2015 በሰባተኛው እትም ተወግዷል። ይህ ማጣበቅ ምን እንደሚያመጣ በራሳችን ስም ላሳያችሁ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ ሁዻ የሚባል፣ ከላይ የሚንጠለጠል ጭረት አለ። በኤስኪውኤል ደግሞ ያው ጭረት ጽሑፍ እዚህ አበቃ የሚል ምልክት ነው። ስሙ ውስጥ ሁዻ ያለበት አባል ሲመዘገብ አጣብቆ የሚልክ ኮድ ስሙን መሀል ላይ ይቆርጠውና ስህተት ይላል። ዛሬ ንጹሕ ሰው ሳያውቅ ያሰናከለው ያ ቀዳዳ ነገ ሌባ አውቆ የሚገባበት ነው። ትእዛዙን ለብቻው፣ ስሙን ለብቻው የሚልክ አሠራር በሁሉም ቋንቋ አለ፤ ላራቬልም ጃንጎም በመደበኛው መንገዳቸው ከሄዳችሁ ይህን ራሳቸው ይጠብቃሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው ስም፣ ስልክና የቤተሰብ ሁኔታ የያዘ ሁሉ ኃላፊነቱ የሕግ ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ አከብረዋለሁ፦ ብራውዘሩ የሚያውቀው ጃቫስክሪፕትን ነው፤ ከሰርቨሩም በኩል ጃቫስክሪፕትን የሚያሠራውን ኖድን ብንጠቀም አንድ ቋንቋ ብቻ ይበቃናል ይላል። ሁለት ሰው ላለው ቡድን እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ሁለቱም ጃቫስክሪፕት አዋቂ ከሆኑ አልከራከርም። የምፈራው ቋንቋው ያለበትን ሰፈር ነው። በመጋቢት 2016 ሌፍት ፓድ የተባለች 11 መስመር ኮድ ባለቤቷ ከጋራ ማከማቻው ቢያነሣት በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ፣ ሌላው በሌላው ላይ ተደግፎ ነበርና። ማከማቻው ከዚያ ወዲህ ደንቡን አጥብቋል። ቢሆንም ፕሮግራሙ የተደገፈባቸውን በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ኮዶች በየጊዜው ማደስ፣ ኢንተርኔቱ በሚቆራረጥበትና ጠጋኙ በወር አንዴ በሚመጣበት ቦታ ከባድ ሸክም ነው።

አራተኛው አዲስ ነው፦ ኮዱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፈው ከሆነ ቋንቋ ምን ያደርጋል? ይጽፋል፤ በእነዚህ በታወቁ ቋንቋዎች ደህና አድርጎ ይጽፋል። ግን ሁለቱ ወንድማማቾች እናታቸው ሲያርፉ ለማን እንደሚከፈል ደንባችሁን ካልነገራችሁት ከራሱ ገምቶ ይሞላል፣ ግምቱም ትክክል መስሎ ይሠራል። ስህተቱ የሚታወቀው ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ነው። ስለዚህ የተጻፈውን አንብቦ «ይህ የእኛ ደንብ አይደለም» የሚል ሰው አሁንም ያስፈልጋል፤ ያ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። ኤክሴል አይበቃም ወይ ለሚሉኝም፣ አንድ ሰው ብቻ የሚጽፍበት ከሆነ ይበቃል እላለሁ። ሁለት ሰው በሁለት ፋይል ሲጽፍ፣ ወይም ፋይሉ ልኩን ሲያልፍ ግን አደጋው ይመጣል፤ በ2020 እንግሊዝ ውስጥ 16,000 ገደማ የኮቪድ ታማሚዎች ከሪፖርት የቀሩት የቆየው የኤክሴል ቅርጽ ከ65,536 መስመር በላይ ስለማይዝ ነበር።

እንግዲህ የዕድሩ ኮሚቴ ውል ሲፈርም የክፍያውን አንድ አራተኛ ለመጨረሻ ቀን ያስቀር። በዚያ ቀን ሦስት ነገር ይደረግ። ፕሮግራመሩ መዝገቡን በሙሉ በፍላሽ አውጥቶ ለጸሐፊው ይስጥ፤ ፍላሹ ፕሮግራሙ ያልተጫነበት ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ የአባላቱ ስም በፊደላችን ይነበብ። ከዚያ ጸሐፊው «ፀሐይ»ን በ«ጸ» ጽፎ ይፈልግ፣ ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅም ይመዝግብ። በመጨረሻም ይህን ሥራ ያልሠራ ሌላ ወጣት ከሰፈሩ ይጠራና ኮዱ ይሰጠው፤ «ለአማት የሚከፈለው መጠን ተለውጧል፤ ቀይረህ አሳየን» ይባል። ሠሪው አጠገቡ ይቀመጥ፣ ግን ዝም ይበል። ወጣቱ ከሰዓት በፊት ቦታውን አግኝቶ ከቀየረው ቀሪው ክፍያ ይከፈል።